የበርበሬ ተራ ትንፋሽ

ጥቅምት 9 ቀን 2017

እናቴ ዛሬም አልነፋችም።

ጋሼ ይሄይስ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በራሴ ጉዳይ ስለጀመርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ልጅዎ ኤልሳቤትስ ደህና ናት? ጆሮዎ የስልክ ድምፅ እንደማይለይ ከነገሩኝ ወዲህ መጻፍ ይሻላል ብያለሁ። ሙነወር በየሳምንቱ ከቡታጅራ በርበሬ ጭኖ መርካቶ ይመጣል፤ ሲመለስ ደብዳቤ ማድረስ አይከብደኝም ብሎኛል።

ምን ነክቶሽ ነው ላሉኝ፣ ምንም አልነካኝም። በአርባ አንድ ዓመቴ ተማሪ ሆኛለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጤና ጣቢያ መርፌ እወጋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የኅብረተሰብ ጤና እማራለሁ። ከትምህርቶቹ ሁሉ የፈራሁት ስታቲስቲክስን ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ሲያወጡኝ ጠመኔው እጄ ውስጥ እንዴት ይረጥብ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል።

እያንዳንዱ ተማሪ ሰዎችን ለክቶ፣ አነጻጽሮ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ውጤቱን ማቅረብ አለበት። እኔ በርበሬ ተራን መረጥኩ። ለምን እንደመረጥኩት ከእርስዎ አልደብቅም። እማዬ እዚያ ቁጭ ብላ ዛላ በርበሬ ስትቀነጥስ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ተክለ ሃይማኖት ሰፈራችን ጎረቤቱ የሚነሳው በእሷ ሳል ነው። «ሸዋርካብሽ አሳለች፣ ነግቷል» ይላሉ። ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። ሐኪም ቤት ግን አትሄድም። ልጇ ነርስ ሆኜ ደረቷን አዳምጬ አላውቅም።

ያዋሱኝ የትንፋሽ መለኪያ ስንዝር የምታህል የፕላስቲክ ቱቦ ናት። አንድ ጊዜ ባለ በሌለ ኃይል ሲነፉባት ጠቋሚዋ ወደ ላይ ትሄዳለች። ጠቋሚዋ ዝቅ ካለች የአየሩ መንገድ ጠቧል ማለት ነው። መጀመሪያ ወደ ቤት ይዣት ሄድኩ።

«ፊኛ የምነፋ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለችኝ እማዬ።

«አንዴ ብቻ እማዬ።»

«አንቺ ንፊ፣ እኔ አይሻለሁ።»

ነፋሁ። ሦስት መቶ ሰማንያ። ደግሜ ነፋሁ፤ አራት መቶ አሥር። ሦስተኛው ከሁለቱ መሃል ዋለ። ያው ደረት፣ ያው ደቂቃ። የትኛው ነው የእኔ ትንፋሽ? መምህራችንን አቶ ይገረምን ብጠይቀው «ሦስቱም» ብሎ ሳቀ። ከፍተኛውን ጻፊ፣ ሌሎቹ መኖራቸውን ግን አትርሺ አለኝ። ጋሼ፣ እኔ ሃያ ዓመት የሰው ደም ግፊት ለክቼ አንድ ቁጥር እየጻፍኩ ሸኝቻለሁ። ቁጥር ይለዋወጣል ቢሉኝ አውቃለሁ እል ነበር። ቁጥሩ የሰውዬው እንዳልሆነ፣ የዚያች ቅጽበት ብቻ እንደሆነ ግን ቁጭ ብዬ አስቤው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ክንዱን ሲዘረጋልኝ ሌላ ነገር ይሰማኛል።

እማዬን ለምን እምቢ እንደምትል ጠይቄያት ነበር። «ባውቀው ምን ልሆን? በማግሥቱ ያው በርበሬ አይደል የሚቀነጠሰው?» አለችኝ።

አሁን ምክር እፈልጋለሁ። በተራው ሁለት መቶ ያህል ሴቶች አሉ። ሁሉንም መለካት አልችልም፤ አርባ ብቻ። እነማንን ልውሰድ?

ተማሪዎ ፀደይ


ቡታጅራ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017

ልጄ ፀደይ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሙነወር ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ከቶት ኖሮ ገና ስከፍተው ማስነጠስ ጀመርኩ፤ ዓይኔም አለቀሰ። ኤልሳቤት ሮጣ መጥታ «አባዬ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም እንዳልሞተ፣ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ስታቲስቲክስ ጀመረች እንጂ ብዬ ነገርኳት። አላመነችኝም።

ጆሮዬን ተይው። ዓይኔ አለ።

እነማንን ልውሰድ ላልሽው፦ እዚህ የማረቆ በርበሬ ሲገዛ ቆሜ አያለሁ። ሻጩ ከማዳበሪያው አፍ ላይ ደማቁን ዛላ ይደረድራል። ገዢው እሱን ቀና ብሎም አያየውም። እጁን እስከ ብብቱ ያስገባል፤ ከጎን፣ ከሥር፣ እጁ ከደረሰበት ይዘግናል። ያወጣው መልካም ይሁን መጥፎ አይመርጥም፤ የወጣው ወጣ። አንቺም ከላይ ያለውን እንዳትወስጂ። ከላይ ያሉት እነማን ናቸው? በር ላይ የሚቀመጡት፣ የሚያውቁሽ፣ «ነይ እኔን ለኪኝ» እያሉ የሚጠሩሽ ናቸው። ምርጫውን ለዕጣ ተይለት። ዕጣ ዓይን የለውም፤ ደግነቱም እዚያ ላይ ነው። ስለ ዕጣ ደግሞ መርካቶ ተወልዶ ላደገ ሰው እኔ አላስተምርም።

ሌላ አንድ ጥያቄ አለኝ። በትንሽ ወረቀት ጽፌ አጥፌ ከዚህ ጋር ከትቼዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፣ አትቀየሚኝም።

ይሄይስ


ኅዳር 4 ቀን 2017

ጋሼ፣

በትንሿ ወረቀት ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው፦ አላደረግኩትም። አስቤዋለሁ ግን። የእማዬን ስም ሁለት ወረቀት ላይ ጽፎ መክተት፣ ወይም የእሷን ወረቀት ከሌላው ለየት አድርጎ ማጠፍ ይቻላል። ይህን ባሰብኩ በማግሥቱ ነው የእርስዎ ወረቀት የደረሰኝ። ከቡታጅራ ሆነው እንዴት አዩኝ?

እማዬ ነርስ እምቢ ትላለች፣ ሐኪም እምቢ ትላለች፣ ልጇን እምቢ ትላለች። የዕቁብ ዕጣ እምቢ ብላ ግን አታውቅም። ዕጣ የእግዜር እጅ ነው ብላ ነው የምታምነው። ስሟ ከወጣ ትነፋለች፤ የእኔ የተስፋ ገመድ ያቺ ብቻ ነበረች።

ሴቶቹ እሑድ እሑድ ዕቁብ አላቸው። ዳኛቸውን እትዬ ወለተ ማርያምን ሄጄ ለመንኳቸው። ጣሳቸውን፣ ስም የተጻፈባቸውን ወረቀቶች፣ ቀናቸውንም ጭምር አዋሱኝ። ዕቁብ የደረሳቸውን ሴቶች ስም መልሰን ጨመርን፤ አንዲትም ሳትቀር ሁሉም ጣሳው ውስጥ ገቡ። የእነሱ ዕጣ ካለቀ በኋላ የእኔ ቀጠለ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ያወጣው ሙነወር ነው፤ የማንም ዘመድ አይደለምና።

«ጨፍን አንተ!» ይሉታል።

«ጨፍኛለሁ እትዬ። ከእናንተ በርበሬ ፊት ዓይኔ መቼ ተከፍቶ ያውቃል?»

ከመጀመሪያዎቹ መሃል ማርያማዊት የምትባል ሴት ወጣች። ቁመቷ በር የሚሞላ፣ ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ ብቻዋን አንስታ የምትሸከም ናት። «እኔ ልንፋ? ዋ! ዕቃሽ ይሰበርና ክፈይ እንዳትይኝ!» አለችኝ። ተራው በሳቅ ፈረሰ። ሙነወር ሳያስበው ዓይኑን ገልጦ አያት፤ በዚያ ደግሞ ሁለተኛ ሳቁ።

ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እትዬ ወለተ ማርያም ወረቀት ገለጡና «ሸዋርካብሽ!» አሉ።

እልል አሉ ጋሼ። የገንዘቡ ዕቁብ እንደደረሳት ሁሉ እልል አሉ። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። መሬቱን አየች፣ ከዚያ ሌባ እንደያዘች ሁሉ እኔን አየችኝ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ጣሳውን በእጄ አልነካሁም።

ከሁለት መቶ ስም ውስጥ አርባው ይወጣል። ከአምስት አንድ ማለት ነው። ከአምስት አንድ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም፤ በየቀኑ የሚሆን ነው። ይህን በደብተሬ ሠርቼዋለሁ፣ መልሱም ትክክል ነው። ታዲያ ጉልበቴ ለምን ከዳኝ?

ፀደይ


ቡታጅራ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017

ልጄ፣

እንኳን ደስ አለሽ ልልሽ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ተውኩት። እስክትነፋ እንቆይ።

ጉልበትሽ የከዳሽ ከአምስት አንድ ስለሆነ አይደለም። እናትሽ አንድ ስለሆነች ነው። ይህን መጽሐፍሽ አይነግርሽም፤ ስህተቱ ግን የመጽሐፉ አይደለም።

ከደብዳቤው ጋር ባያያዝሽው የጥናት ዕቅድ፣ ለማነጻጸር በርበሬ ከማይነካ ቦታም ሴቶች መለካት እንዳለብሽ ጽፈሽልኛል፤ ሸማ ተራ ያልሽው ጥሩ ነው። እነሱንም በዕጣ ነው እንግዲህ። ዕድሜና ቁመት ሳትጠይቂ እንዳትለኪ፤ አጭር ሴትና ረጅም ሴት እኩል አይነፉም። ዕድሜያቸውን እንዴት ልመን ላልሽው፣ የልጃቸውን ዕድሜ ጠይቂና ወደ ላይ ቁጠሪ። መምህርሽ ስም አትጻፉ ማለቱ ተገቢ ነው። ሰው ስሙ ካልተጻፈ አይፈራም።

ሲጠናቀቅ ኮምፒውተሩ ከመሳሉ በፊት አንቺ በእጅሽ ሳዪው። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ነጥብ። ላኪልኝ።

ይሄይስ


ታኅሣሥ 21 ቀን 2017

ጋሼ፣

ይህን ያህል ጊዜ ስለጠፋሁብዎ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። አልታመምኩም። አልተቀየምኩም። የሚጻፈው ነገር በዝቶብኝ ነው።

ነጥቦቹን ልኬልዎታለሁ። መጀመሪያ በሰማያዊ የተሣሉትን ይመልከቱ፤ ሸማ ተራ ናቸው። ስለካቸው ምንም ሥርዓት አልነበራቸውም። አንዷ ብዙ፣ አንዷ ትንሽ፣ አንዷ በመሃል ሳቅ ይዟት እንደገና። ባለ ካሬ ወረቀት ዘርግቼ የአንዷን ነጥብ በሌላዋ ላይ መደርደር ጀመርኩ። ሃያ እስክደርስ የተበተነ ጥሬ ይመስል ነበር። ሠላሳን ሳልፍ መሃሉ እየወፈረ፣ ጎንና ጎኑ እየሳሳ መጣ። ኮረብታ ሠራ። እኔ አልሠራሁትም። አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ አላስቀመጥኩም።

ይህ አልበቃ ብሎኝ አርባዎቹን ሴቶች በዕጣ አሥር አሥር አድርጌ የየቡድኑን አማካይ አወጣሁ። አራቱም አማካዮች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። አንዷ ሴት ከሌላዋ በመቶ ትለያለች፤ አሥሩ ከአሥሩ ግን በጥቂት ብቻ። ጋሼ፣ እነዚህ ሴቶች ተነጋግረው አልነፉም። ማን አስማማቸው? ስታቲስቲክስ የሚባለው ደረቅ ነገር ይህንን ያውቅ ኖሯል? ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ይህን ያውቁ ነበር? ለምን አልነገሩኝም?

አሁን ደግሞ ቀዮቹን ይመልከቱ። በርበሬ ተራ ናቸው፤ እስካሁን ሠላሳ አራት ሴቶች። በየጊዜያቸው ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፣ «ዕጣ ወጥቶልኝ ነው» ይላሉ፣ ይነፋሉ፣ ይሄዳሉ። ኮረብታው በሙሉ ወደ ግራ ተንሸራቷል። ከሁሉ ዝቅ ያለችው ነጥብ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የመጣች፣ ልጅ ያዘለች ወጣት ናት። ኪያ ትባላለች። ጠቋሚዋ ከመቶ ሃምሳ አላለፈችም፤ ዕቃው ተበላሸ ብዬ እኔ ራሴ ነፍቼ አረጋገጥኩ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ላክኳት። አስም ነው ብለው የሚማግ መድኃኒት ሰጧት። አሁን ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ አትቆምም።

አቶ ይገረም ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመ። የካቲት ላይ ከክፍለ ከተማው የጤና ሰዎችን እጠራለሁ፣ ለእነሱ ታቀርቢያለሽ አለኝ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበልኝ። እኔ ግን ውስጤ ልክ አልሆነም፤ ምን እንደሆነ አላውቀውም።

እማዬን ጠይቀውኛል። ገና አልመጣችም። ካልመጡት ጥቂቶች አንዷ እሷ ናት። በየሳምንቱ እጠይቃታለሁ። «የኔ ዕጣ አይጠፋም» ትለኛለች። አትቆጣም። ሳሏ ብሷል።

ፀደይ


ቡታጅራ፣ ጥር 2 ቀን 2017

ልጄ ፀደይ፣

ሥዕልሽን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ኤልሳቤት የጥልፍ ንድፍ መስሏት «ለማን ቀሚስ ነው?» አለችኝ።

ያውቁ ነበር ወይ ላልሽኝ፦ ያንን ኮረብታ ሠላሳ ዓመት በጠመኔ ስስለው ኖሬያለሁ። በሰው ትንፋሽ ተሠርቶ ያየሁት ግን አሁን ነው። አንድ ሰዓት ያህል ፊቱ ተቀመጥኩ። ምሳ ቀርቦ ቀዘቀዘ። ለምን እንዳልነገርኩሽ አሁን ይገባሻል፤ እኔም ስሙን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቅሽን ነገር በደስታሽ ላይ ውኃ መድፋት አታድርጊው። ቀዮቹን እያቸው። የቀኝ ጎናቸው ባዶ ነው። በርበሬ ሁሉንም ይጎዳ ይሆናል፤ ሁሉንም እኩል ግን አይጎዳም። ከሁለት መቶ ሴቶች መሃል አንዲት ጠንካራ ደረት ያላት ጠፋች? ጠንካሮቹ የት ሄዱ?

ሙነወርን ጠየቅኩት። የሚለውን ስለማልሰማው በእጁ ነው የሚያወራኝ፤ ሁለት ክንዱን እንደ በር ዘረጋ፣ ከዚያ ጉንጩን ነፍቶ አንድ ነገር በጉልበቱ ሰበረ። ያቺን ማርያማዊትን ማለቱ ነው። ስሟን በገዛ እጁ እንዳወጣ እየማለ ነው።

የእሷ ነጥብ የትኛው ነው?

ይሄይስ


ጥር 15 ቀን 2017

ጋሼ፣

ነጥብ የላትም።

ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ ወደ በርበሬ ተራ ሄድኩ። ማርያማዊት ማዳበሪያ እያወረደች ነበር።

«ማርያማዊት፣ ለምን አልመጣሽም?»

«የት?»

«ዕጣ ወጥቶልሽ አልነበር?»

«እሱን? ለዘይነባ ሰጠኋታ! ትመጣለች አላልኩሽም? መጥታ የለም?»

«አንቺን ነበር እኮ የፈለግኩት።»

«እኔ ምን ሆኜ? ቀን ከሌት የምታስለው እሷ።»

«ጤነኛ ስለሆንሽ ነበር የምፈልግሽ።»

«ኧረ ሲስተር! ጤነኛ ምን ይለካል?»

ዙሪያችን ያሉት ሳቁ። እትዬ ወለተ ማርያም ከመቀመጫቸው ሆነው «በኛ ዕቁብ ዕጣ የወጣላት ለባሰባት ትሰጣለች። የኖረ ነው። አንቺ የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ።

ነኝ ጋሼ። አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ አንዲት ጎረቤታችን የደረሳትን ዕቁብ ለእማዬ አሳልፋ እንደሰጠች አይቻለሁ። ጣሳቸውን ተዋስኩ፣ ወረቀታቸውን ተዋስኩ፣ እሑዳቸውን ተዋስኩ። ሕጋቸው ከጣሳው ጋር አብሮ እንደሚመጣ አላሰብኩም። ስም አልጻፍኩም፤ «ዕጣ ወጥቶልኝ ነው» ያለችኝን ሁሉ አመንኩ። እነሱም አልዋሹኝም፤ ከተሰጣቸው በኋላ የእነሱ ዕጣ ነውና።

አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ስማቸው ከወጣው ከግማሽ በላይ ሰጥተዋል። ማንም አላዘዛቸውም፣ እርስ በርሳቸውም አልተማከሩም። እያንዳንዷ ወደ ጎን ዞር ብላ ከእኔ የባሰባት ማን ናት ብላ ነው። ሁሉም ትክክል አልነበሩም፤ ዘይነባ ጉንፋን ብቻ ነው የያዛት፣ ትንፋሿ ከእኔ ይበልጣል። ግን ያ ሁሉ ቀይ ነጥብ ወደ ግራ የሄደው በርበሬው ብቻ ገፍቶት አይደለም። እነሱ ናቸው ያስቀደሟቸው። ሸማ ተራ ላይ ይህ አልሆነም፤ እዚያ ከመዝገብ ላይ በቁጥር አወጣሁ እንጂ የዕቁብ ጣሳ አልነካሁም።

ወደ ቤት ገባሁ። እማዬ እግሯን ትታጠባለች።

«እማዬ፣ ዕጣሽስ?»

«ለኪያ ሰጠሁት።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ። እልልታው ሳያልቅ።»

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ 'አይጠፋም' ስትይኝ?»

«ጠፋ?» አለችኝ። «ልጅቷ መድኃኒት አላገኘችም? ጠፋ ወይ?»

ከሁሉ ዝቅ ያለችው ነጥብ፣ ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ እኔው ነፍቼ ያረጋገጥኩባት፣ የእማዬ ዕጣ ነበረች። ሳለቅስ እንዳታየኝ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም። ንዴት ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም።

ጥናቴ ተበላሽቷል። ለአቶ ይገረም አልነገርኩትም። ምን ላድርግ? ስለ እማዬስ ምን ላድርግ?

ፀደይ


ቡታጅራ፣ ጥር 22 ቀን 2017

ልጄ፣

ናሙናሽ ተበላሽቷል። ለመምህርሽ ሳታድሪ ንገሪው። ስህተቱን ከነምክንያቱ ጻፊው፤ ማርያማዊት ያለችሽን ቃል በቃል ጻፊው። ጊዜ ካለሽ ዕጣውን ድገሚው፣ ይህኛው ግን የማይሰጥ ዕጣ መሆኑን አስቀድመሽ አስረጂያቸው።

ዕጣ ዓይን የለውም ብዬሽ ነበር። እነዚህ ሴቶች ዓይን ሰጡት። ለትምህርቱ ጥፋት ነው፤ የተማርኩትና ያስተማርኩት ሁሉ ጥፋት ነው ይለኛል። ግን ሥዕሉን ከግድግዳው አላወረድኩትም። ቀዮቹ ነጥቦች ስለ በርበሬ ተራ የሚነግሩኝ ነገር አለ፤ አንቺ የጠየቅሻቸውን አይደለም እንጂ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ግራፍ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለውን አላየሁም። የምሰጠው ስምም የለኝም።

ስለ እናትሽ ምን እንደምታደርጊ አላውቅም። ባውቅ አልደብቅሽም ነበር።

ይሄይስ


የካቲት 25 ቀን 2017

ጋሼ፣

ይህን የምጽፈው የሙነወር መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። እሱ ከኋላ ዕቃ እያስጫነ ይጨቃጨቃል፤ ሞተሩን ሳያስነሳ ልጨርስ።

አዎ፣ ነገርኩት። በዚያው ሳምንት ነው የነገርኩት። አቶ ይገረም መጀመሪያ ተቆጣ፤ «እንግዳ ጠርቼ!» አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ አለኝ። ስጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔ ጅማ ተወልጄ ነው እንጂ መገመት ነበረብኝ» አለ። ድገሚው አለኝ።

እሑድ ጣሳው ፊት ቆሜ ይህ ዕጣ አይሰጥም አልኳቸው። «የማይሰጥ ዕጣ ምን ዕጣ ነው?» ብለው እትዬ ወለተ ማርያም ተቆጡ። የእርስዎን በርበሬ ገዢ አመጣሁላቸው። የተበላሸውን ዛላ ብቻ ለቅማችሁ ብታሳዩት ለማዳበሪያው ስንት ይሰጣችኋል አልኳቸው። «ኧረ እሱማ ተራውን ሁሉ በሽተኛ ነው ይላል» አለች ማርያማዊት። «ሄጄ እነፋለሁ፣ ከፈለግሽ ሦስቴ።» እንደ አጋጣሚ ስሟ አሁንም ወጣ። ጠቋሚዋን ከጫፍ አደረሰቻት። ዕቃው አልተሰበረም።

አሁን ቀዩ ኮረብታ ቀኝ ጎን አለው። ከሰማያዊው ግን አሁንም ወደ ግራ ነው። የፊተኛውን ያህል አይደለም፤ ግን ነው። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። በርበሬው ምንም ባያደርግ ኖሮ በዕጣ ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ከመቶ አንዴም አይገኝም። ከትናንት በስቲያ ለእንግዶቹ ይህንን አቀረብኩ፤ የፊተኛውንም ስህተት አብሬ። ስለ ቁጥሩ ጥቂት ጠየቁኝ። ስለተሰጡት ዕጣዎች ግን ሰዓቱ እስኪያልፍ ጠየቁኝ። በርበሬው የሚፈጭበት ወፍጮ ቤትና መቀንጠሻው እንዲለያዩ፣ አፍ መሸፈኛም እንዲሰጥ እናያለን አሉ። እናያለን ነው ያሉት፤ ከዚህ በላይ አልጽፍልዎትም።

የእማዬ ስም አልወጣም። የኪያ ወጣ። ከአምስት አንድ ነው፣ ምንም ዕዳ የለብኝም ይላል ዕጣው። ባለፈው ለእማዬ እንደወጣ እንኳ አያስታውስም። ማታውን «አሁንስ ያለ ዕጣ ንፊልኝ» ብዬ ለመንኳት። «ያልወጣልኝን የማንን ልወስድ?» አለችኝ። ከዚህ በኋላ የማደርገው አልነበረኝም።

መለኪያውን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላዋሰኝ ቢሮ መመለስ አለብኝ። ከፊርማው በኋላ ሌላ ተማሪ ወደ ሌላ ከተማ ይዞት ይሄዳል። ለዚያ ነበር የወጣሁት፤ በመንገዴ ይህን ለሙነወር ላቀብል ብዬ ነው የቆምኩት።

ጋሼ፣ ከላይ ያለውን ጽፌ ኪያ የጋቢናውን መስታወት አንኳኳች። ልጇን አዝላለች፤ ሮጣ ነው የመጣችው፣ ግን አላለከለከችም። መስታወቱን ዝቅ አደረግኩ።

«ሲስተር፣ የጥናትሽን ነፍቻለሁ አይደል? ጨርሻለሁ?»

«ጨርሰሻል።»

«እንግዲያው የእማማን ዕጣ መልሼላቸዋለሁ። የተሰጠሽ ዕጣ የራስሽ በደረሰሽ ጊዜ ለሰጪዋ ይመለሳል። እትዬ ወለተ ማርያም ፈርደዋል።»

«እማዬስ ምን አለች?»

«ምን ይላሉ! የተመለሰ ዕጣ እምቢ ይባላል? ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደው ዛላው አጠገብ ቁጭ ብለዋል። 'ፊኛዋን ይዛ ትምጣ' ብለውሻል። ሴቱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ከቧቸዋል።»

ዕጣው አያስታውስም ብዬ ነበር። እነሱ ያስታውሳሉ።

የእማዬ ቁጥር ጥናቱ ውስጥ አይገባም። የማንንም አማካይ አይለውጥም። አንዲት ነጥብ ናት፣ ወረቀት ላይ ቦታ የላትም።

ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይዘጋ። ወረቀቱን መሪው ላይ ለሙነወር ትቼለታለሁ። መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ወረድኩ።